ከቦሌ እስከ ደለስ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ በምድር ላይ ከሁሉ በሚያጥረው መስመር ቢለካ፣ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ ቢነሡም ከዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ከደለስ ቢነሡም ኪሎ ሜትሩ ያው ነው። ሰዓቱ ግን ይለያያል። ከዋሽንግተን የሚመጣው አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ የሚሄደው መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ማረፊያው እንደ ዘመኑና እንደ በረራው ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ሲሆን፣ ጉዞው በጠቅላላው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። መሄጃው ከመምጫው እንደሚረዝም በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አልገጠመኝም፤ ጥያቄው ግን ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት የቆምንበት መሬት ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ባሕር ዳር ካለው አየር አንድ አምስተኛው ያህል ይጎድለዋል። ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሣው በአየር ነው፤ ሞተሩም ጉልበት የሚያገኘው አየር እየሳበ ነው። አየር ሲያንስ ሁለቱም አቅም ያጥራቸዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት የበለጠ መፍጠንና ረጅም ርቀት መንደርደር አለበት። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር የሆነው በከንቱ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ይዞ የሚነሣው ክብደት ይገደባል። ሰው አለ፣ ሻንጣ አለ፣ ጭነት አለ፤ ሊቀነስ የሚችለው ነዳጅ ነው። ለዚህ መንገድ የሚመደቡት ትልልቅ አውሮፕላኖች በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 ቶን ነዳጅ ይጨርሳሉ። የ15 ሰዓት ነዳጅ ብቻውን 90 ቶን ይጠጋል ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ተሸክሞ ለመብረር ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። የደለስ ከፍታ 100 ሜትር እንኳን አይሞላም። ከዚያ የሚነሣው አውሮፕላን እስከ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሞልቶ፣ በወፍራም አየር ላይ ተንደርድሮ፣ ያለ ጭንቀት ይነሣል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሰው ስለ አዲሱ ማረፊያ ሲያወራ የሚያነሣው ስፋቱንና የሚያስተናግደውን ሕዝብ ብዛት ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ 400 ሜትር ነው። ለሩቅ ተጓዥ የአየር ውፍረት ማለት ነዳጅ ነው፤ ነዳጁም ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋሱ ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ ከመሬት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ብርቱ ነፋስ አለ። የሚፈጥረው በምድር ወገብ ሙቀትና በዋልታው ብርድ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የምድር መሽከርከር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ያዞረዋል። አትላንቲክ ላይ በፈረንጆቹ ክረምት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢበር፣ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ነፋሱ ከዚያ ላይ ይቀንስበታል፤ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ይጨምርለታል። መሄዱ ወንዝን ሽቅብ እንደ መዋኘት ነው። በውቅያኖሱ ላይ የሚበሩባቸው መስመሮችም ቋሚ አይደሉም። ጋንደርና ሻንዊክ የሚባሉት የአየር መቆጣጠሪያ ማዕከሎች በየዕለቱ የነፋሱን ሁኔታ እያዩ ይሠሯቸዋል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነፋሱን እንዲሸሽ፣ ወደ ምሥራቅ የሚመጣው ደግሞ እንዲፈናጠጠው። የትናንቱ መንገድና የዛሬው መንገድ አንድ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ቢያገናኟቸው ዓይን ይሳሳታል። እውነተኛውን መንገድ ማየት የፈለገ ሉል ይፈልግ፤ አንድ ክር ይያዝና ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ይወጥረው። ክሩ መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። የዓባይን ሸለቆ ይሻገርና በጎጃም ላይ፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ያልፋል። ከዚያ ሱዳን ይገባል፤ ካርቱምን በስተ ሰሜኑ በቅርብ ርቀት ይተዋታል። ግብፅ፣ ሱዳንና ሊቢያ ወደሚገናኙበት ወደ ዑወይናት ተራራ አካባቢ ያቀናል። የሊቢያንና የአልጄሪያን በረሃ ያቋርጣል፤ በደቡብ ስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ ውቅያኖስ ይገባል። ከዚያም የአዞርስ ደሴቶችን በስተ ግራ፣ የካናዳዋን ኒውፋውንድላንድን በስተ ቀኝ እያደረገ ወደ አሜሪካ ጠረፍ ይወርዳል።

ይህን በክር ያየ ሰው የማረፊያዎቹን ነገርም ይረዳል። በጠፍጣፋው ካርታ ላይ ሎሜ በመንገዳችን ላይ ያለች ይመስላል፤ ደብሊን ግን ወደ ሰሜን በጣም የራቀች። በሉሉ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በሮም በኩል መሄድ በመንገዱ ላይ የሚጨምረው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብሊን በኩል 270 ያህል። በሎሜ በኩል ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጨመራል። አየር መንገዱ በሎሜ የሚያልፈው የምዕራብ አፍሪካን መንገደኛ ለመጫን ስለሆነ ትርፉ ሌላ ነው። አየርላንድ ውስጥ በሌሊት ነዳጅ ሲቀዳ ‹‹ይህን ያህል ለምን ዞርን?›› እያለ የሚያጉረመርም ተሳፋሪ በየበረራው አይጠፋም፤ የዞረ የመሰለው በካርታው ምክንያት ነው።

ስለ ክሩ ሳስብ ግን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ልቤን የሚይዘው የሚያልፍባቸው ቦታዎች ስም ነው። ጎጃም፣ የሱዳን ጠረፍ፣ ካርቱም፣ የሊቢያ በረሃ። ዛሬ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በደርግ ዘመን የወጡት ብዙዎቹ ይህን መስመር በእግራቸው ጀምረውታል። ከጎንደርና ከጎጃም፣ ከትግራይና ከሌላውም የአገሪቱ ክፍል ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገቡ፤ ገዳሪፍና ካርቱም ውስጥ ዓመታት ቆጠሩ፤ አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ዕድል የቀናቸው ወደዚያ ተሻገሩ። ከአንድ ትውልድ በኋላ ደግሞ ሌሎች ወጣቶች በዚሁ መስመር ወደ ሊቢያ በረሃ ገቡ፤ እነሱ የሚያስቡት አውሮፓን ነው፤ አሸዋ ላይና ባሕር ውስጥ የቀሩት ብዙ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው አጭሩ የአየር መንገድና የስደታችን ረጅሙ መንገድ ለብዙ ርቀት የሚሄዱት በአንድ ምድር ላይ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ በዚያ አቅጣጫ የሚበር አውሮፕላን ውስጥ መጋረጃውን ዘግቼ መተኛት አልሆንልህ ብሎኛል።

ዛሬ አውሮፕላኑም ያን አጭር መስመር አያገኘውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ሁሉ መዞር ግድ ሆነበት። አንድ አገር ሲታመም ሕመሙ በሌላው አገር የጉዞ ሰዓት ላይ ይታያል። እኛም በራሳችን ቤት ይህን አይተናል። አስመራ ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ በጄት የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ለሃያ ዓመት አንድም አውሮፕላን በመካከላቸው ሳይበር ቀረ። እናቱ አስመራ ያለች የአዲስ አበባ ሰው ካይሮ ወይም ዱባይ ድረስ ሄዶ ነበር ወደ እናቱ የሚመለሰው፤ ያም መሄድ ከቻለ ነው። ሐምሌ 2010 ላይ በረራው ሲከፈት ሰዎች አውሮፕላኑ ውስጥ እያለቀሱ ሲተቃቀፉ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። በነሐሴ 2016 እንደገና ተቋረጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ባደረገው የመጀመሪያ በረራው ያረፈው አስመራ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው ጉዞ የሚለካው በሳምንትና በወር ነበር። ሮበርት ስኪነር የአሜሪካን መልእክት ይዞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሲመጣ ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና የቀረውን መንገድ በበቅሎና በግመል ተጓዘ፤ የመጀመሪያው የንግድ ውልም በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። ደጃዝማች ናደውና ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር፣ በ1911 ዓ.ም. ዋሽንግተን ገብተው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን ሲያነጋግሩ ባሕሩን የተሻገሩት በመርከብ ነው። አየር መንገዱ ከተመሠረተ በኋላም፣ በግንቦት 1946 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒው ዮርክ የገቡት በመርከብ ነበር። የራሳችን አየር መንገድ ዋሽንግተን መብረር የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ስንቶቻችን ያለንበት ዘመን ማለት ነው።

የአሁኑ መንገደኛ ጉዞውን የሚጀምረው ሚዛን ላይ ነው። የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ቦሌ መመዝገቢያው ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቤተሰብ ሻንጣውን ወለል ላይ ከፍቶ በርበሬውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያዛውር ይታያል። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኮሰረት፣ የተቆላ ቡና፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ ለንስሐ ልጅ የተላከ ጸበል። ልምድ ያለው ሰው ቋንጣ አይይዝም፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ ነክ ነገር አያስገባም፤ ደለስ ላይ ተወስዶ ሲጣል ማየት ደግሞ ለላከችው እናት ያሳዝናል።

አንድ ሌሊት ወደ ዋሽንግተን ስበር አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ከደብረ ማርቆስ ነበር የመጡት። ልጃቸው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ወልዳለች፤ የሚሄዱት ሊያርሷት ነው። ቀበቶውን ሳስርላቸው ‹‹እግዜር ይስጥህ ልጄ›› ብለው ወዲያው የቤተሰቡን ነገር ነገሩኝ፤ ልጅቷ የወጣችው በዲቪ ነው፣ ባሏ ታክሲ ይነዳል፣ ሕፃኑ ወንድ ነው፣ ስሙን ግን ሳይደርሱ እንዳያወጡለት አስጠንቅቀዋል። ከተነሣን ጥቂት ቆይቶ ፊት ለፊታችን ባለው ስክሪን ላይ ካርታው መጣ።

‹‹ይቺ ሰማያዊዋ ምንድን ናት?›› አሉኝ።

‹‹ጣና ናት፣ እማማ።››

‹‹እንግዲያስ ማርቆስን አልፈነዋላ!››

‹‹አልፈነዋል። ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው።››

ዝም ብለው ካርታውን አዩት። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደህና ቀን ከሆነ ጠዋት የተነሣ አውቶብስ ከሰዓት በኋላ ይገባል። እሳቸው ግን ደህና ቀን አላገኙም። ‹‹መንገዱ ተዘግቶ ሻንጣዬን አስሬ ስንት ቀን ተቀመጥሁ መሰለህ›› አሉኝ። ‹‹ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲሉኝ፣ ልጅቱ በስልክ ‹እማዬ ቲኬቱ ሊቃጠል ነው› ትላለች። እኔማ ዓባይን የተሻገርሁ ዕለት አሜሪካ የገባሁ መስሎኝ ነበር።›› ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ የተደረገውን ነው የነገሩኝ። እኔ ግን እሳቸው ከተናገሩት በኋላ የዚያን ሌሊት 11,560 የሚለው ቁጥር ትርጉም አጣብኝ። ለእሳቸው የጉዞው ከባዱ ክፍል የመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር ነበር።

ወደ ምዕራብ የሚበር ሰው የሚያሳልፈው ሌሊት በምድር ላይ ከሚያውቀው ሌሊት ይረዝማል። አውሮፕላኑ ፀሐይ በሄደችበት አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በመንገዱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ 45ኛው ኬክሮስ አካባቢ፣ ንጋት በምድር ላይ በሰዓት ወደ 1,180 ኪሎ ሜትር ይገሰግሳል፤ አውሮፕላኑ ደግሞ 900 ገደማ ይሄዳል። ንጋት ከኋላ እየተከተለ ነው፣ ግን ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። በፈረንጆቹ ክረምት አዲስ አበባ ላይ የመሸበት ሰው እስኪነጋለት ከ18 ሰዓት በላይ ጨለማ ውስጥ ይቆያል። እራት ተበልቶ፣ ተተኝቶ፣ ነቅቶ፣ ነዳጅ ተቀድቶ፣ እንደገና ተተኝቶ፣ ገና አልነጋም። ነዳጅ ሲቀዳ ተሳፋሪው ከመቀመጫው አይወርድም፤ የበረራ ሠራተኞቹ ተቀይረው ሌሎች ይገባሉ። አጠገቤ ያሉት እናት ይህን ሰዓት በጸሎት ነው ያሳለፉት። ውዳሴ ማርያማቸውን ከነጠላቸው ጫፍ አውጥተው በዝግታ እየደገሙ፣ መብራቱ ሲጠፋ በቃላቸው ቀጠሉ።

ሰዓትን በሚመለከት አንድ ነገር ለሌላው ተጓዥ ባካፍል ደስ ይለኛል። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጆቹ 6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ ይቀላል፤ በበጋ የዋሽንግተኑን ሰዓት አይቶ 1 የጨመረበት ሰው አገር ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል፣ በክረምት 2 ይጨምራል። በበጋ እዚያ ጠዋት 8 ሲል እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ እዚያ ማታ 10 ሲል እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሆኖ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሊሰማ ነው። እዚያ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ሳያስቡት ይህን ስሌት ይሠራሉ። ከሥራ ወጥተው መኪና ውስጥ ሲገቡ እናታቸው ገና እንዳልተነሣች ያውቃሉ፤ ጠዋት ቡና ሲጠጡ ደግሞ አገር ቤት የከሰዓቱ ቡና የሚፈላበት ጊዜ እየደረሰ ነው። ሁለት ቤተሰብ በስልክ አብሮ ቡና የሚጠጣው በዚያ ሰዓት ነው።

ደለስ የዋሽንግተን ይባል እንጂ ያለው ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቨርጂንያ ውስጥ ነው። ኤሮ ሳሪነን የነደፈው፣ ኬኔዲ በኅዳር 1955 ዓ.ም. የመረቁት ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው በሁለት ረድፍ ዓምዶች መካከል ተንጠልጥሏል። ከውጭ አገር የመጣ መንገደኛ እስከ አዳራሹ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ባለው፣ ሰፊ ሳሎን በሚያህል ተሽከርካሪ ተጭኖ ነው። ቆመን፣ ተጠጋግተን፣ ነጠላ የለበሱ እናቶችና ከረጢት ያነገቱ ተማሪዎች፣ ወደ ፓስፖርት ሰልፉ ወሰደን። ከሰልፉ ጫፍ ያለው በር ሲከፈት የሚሰማው ቋንቋ አማርኛ ነው። የሚጠብቁት ዘመዶች፣ ‹‹ታክሲ ነው?›› የሚሉት ሾፌሮች፣ ጋሪውን የምትገፋው ልጅ። በዋሽንግተን ከተማ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የማርቆሷ እናት ልጃቸውን ከሩቅ ሲያዩ ሻንጣውን ለእኔ ትተው እልል አሉ፤ በአዳራሹ ያሉ ሦስት አራት ሴቶች የማን እናት እንደሆኑ ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሏቸው።

እዚያ በቆየሁባቸው ቀናት ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ግን መመለሻ ስለሌላቸው ሰዎች የሰማሁት ነው። የ13 ሰዓቱ በረራ በየቀኑ ይነሣል። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ዓመታት ሳይወሰን የሚቆይባቸው ግን ወንበር ባዶ ቢሆንም አይሳፈሩበትም፤ ከወጡ ተመልሰው መግባታቸው ያሠጋቸዋል። አባት ይሞታል፣ መርዶው በዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ይነገራል፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወንበር ተደርድሮ ሰው ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። አልቃሹ የቀብሩን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው በስልክ ነው፤ አገር ቤት አንድ ዘመድ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞለታል፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ለዚህ ሰው የሁለቱ ከተሞች ርቀት ስንት ነው? በሰዓት የሚነገር መልስ የለውም። በዚሁ በረራ ደግሞ በሕይወት እያሉ መመለስ ያልሆነላቸው በአስከሬን ሣጥን ይመለሳሉ፤ ወዳጅ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከሻንጣው ጋር፣ ከወንበሮቹ ሥር።

የመልሱ ጉዞ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ይነሣል። አሁን ፀሐይን ወደ ኋላ ትቶ ስለሚበር ቀኑ ያጥራል፤ ምሳው ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ አትላንቲክ ላይ ይመሻል። ነፋሱም ከኋላ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፍጥነት በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ አየሁ፤ ስሄድ ከ850 ብዙም አላለፈም ነበር። በዚህ በረራ ውስጥ ሰው ቶሎ ይግባባል። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ ልጅቱ ሜሪላንድ የተወለደች፣ አማርኛዋ የሚጎረብጥ ግን የማይፈራ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሽማግሌው ከወጡ ወዲህ አገራቸውን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሌሊቱን አልተኙም። ግብፅ ላይ ስንደርስ የአውሮፕላኑ ምልክት በካርታው ላይ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቀይ ባሕር ታጠፈ።

‹‹ምነው ሱዳንን ዞሯት?›› አሉ።

‹‹ጦርነት አለ ጋሼ። ሰማዩ ተዘግቷል።››

‹‹ካርቱም?››

‹‹ካርቱምም።››

ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹ደግ ሕዝብ ነው›› አሉ። ‹‹ገዳሪፍ የገባን ዕለት ውኃ ያጠጣን፣ ፉል ያበላን የማናውቀው ሰው ነው። ቋንቋውን አንችል፣ ገንዘብ የለን። ልጆቹ የት ደርሰው ይሆን አሁን?›› ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ምልክቱ ትቶት የሚሄደውን ባዶ ቦታ ለልጅቱ ያሳዩአት ጀመር። ጎንደር፣ አይከል፣ ሸኸዲ፣ መተማ፣ ጋላባት፣ ገዳሪፍ፤ አንዱም ካርታው ላይ አልተጻፈም፤ እሳቸው ግን እያንዳንዱን በቦታው ያስቀምጡታል።

‹‹በመኪና ነው የሄድከው አባባ?››

‹‹በእግሬ።››

‹‹ስንት ሰዓት ፈጀብህ?››

‹‹እስከ መተማ አሥራ አንድ ሌሊት። ገዳሪፍ ስምንት ወር ተቀመጥን። ካርቱም ሦስት ዓመት።››

ልጅቱ ጣቷን እያጠፈች ለመደመር ሞከረችና ተወችው። ‹‹ለምን ሌሊት?›› አለች።

‹‹ቀን ወታደር አለ። ቀን ቀን ጫካ ውስጥ እንተኛለን።›› ከዚያ ከጎንደር የወጡበትን ማታ ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሯት ገቡ። ማን አብሯቸው እንደነበር፣ ማን መንገድ ላይ እንደቀረ፣ መንገድ መሪው ስንት ብር እንደተቀበላቸው። አስተናጋጇ ቁርስ ስታቀርብ እኔንም ከኋላችን ያሉትንም ጨምሮ ሁሉም እያዳመጠ ነበር፤ እሳቸው ገና ሸኸዲ አልደረሱም።